የሣር ሒሳብ፤ አንድ መስክ ስንት የዱር አራዊት ሊቀልብ ይችላል?

ዐዋቂ ነጋዴ የሀብቱን ልክ ሲጠየቅ በመጋዘኑ ውስጥ የተከመረውን ዕቃ ብቻ ቆጥሮ አይመልስም። ከዚሁ ክምር ውስጥ ምን ያህሉ በዕዳ የተያዘ፣ ምን ያህሉ ነቀዝና ብል የሚበላው፣ ምን ያህሉስ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወራት ቤቱን ደግፎ ለማሳለፍ የሚበቃ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመረምራል። ይህን ሳይመረምር በመልካሙ ዓመት ገቢ ተመክቶ ወጪውን ያበዛ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን በየገበያው የታወቀ ነው።

በተፈጥሮ ሳይንስ ሊቃውንት ዘንድም ከዚህ ጋራ የሚመሳሰል አንድ ጥያቄ ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። ጥያቄው አጭር ነው፤ ይኸውም ስፋቱ የታወቀ አንድ መስክ ሣሩ ሳይመነምንና አፈሩ ሳይራቆት ስንት የዱር አራዊት ሊቀልብ ይችላል የሚል ነው። ነገሩ የአራዊት ጠባቂዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ሥረ መሠረቱ ግን የዋና ገንዘብና የወለድ ጥያቄ ስለ ሆነ ለንግድ ሰው ከቶ እንግዳ አይደለም። የሣሩ ሥርና አፈሩ ዋና ገንዘብ ናቸው፤ በየዝናቡ የሚበቅለው ቅጠል ደግሞ ወለድ ነው። ወለዱን ብቻ የሚበላ መንጋ በሚመጣውም ዓመት ይበላል። ዋናውን የነካ መንጋ ግን ከገዛ ልጆቹ አፍ ወስዶ መብላቱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ደሴት ኪሳራ

በአላስካና በሩሲያ መካከል በሚገኘው በቤሪንግ ባሕር ውስጥ ቅዱስ ማቴዎስ የሚባል ሰው የማይኖርበት ደሴት አለ። ስፋቱ ከ330 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። በ1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሠራዊት በዚያ ደሴት ላይ ለመርከቦችና ለአውሮፕላኖች መንገድ የሚያመለክት የሬዲዮ ጣቢያ አቋቁሞ ነበር። የስንቅ መርከብ ቢዘገይ ሠራተኞቹ እንዳይራቡ ተብሎ 29 ሬንዲር የሚባሉ የሰሜን አገር አጋዘኖች ተጭነው መጥተው በደሴቱ ላይ ተለቀቁ። ከእነዚህም 24ቱ እንስት፣ 5ቱ ተባዕት ነበሩ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሰዎቹ ጣቢያውን ዘግተው ሄዱ፤ አጋዘኖቹ ግን ቀሩ። በደሴቱ ላይ ተኩላ የለም፤ አዳኝም የለም። ምድሩ ሊከን በሚባል፣ በኢትዮጵያ ደጋዎች በድንጋይና በዛፍ ላይ እንደ ሽበት ተለጥፎ በሚታየው ዓይነት ነገር ወፍራም ምንጣፍ እንደ ለበሰ ነበር። ይህም በክረምት ሌላው ተክል ሁሉ በሚጠወልግበት ጊዜ የአጋዘኖቹ ዋና ቀለብ ነው።

በ1957 ዴቪድ ክላይን የተባለው የአራዊት ሊቅ ደሴቱን ጎበኘ። 29 የነበሩት 1,350 ሆነው፣ ሰብተውና አምሮባቸው አገኛቸው። ይሁን እንጂ ሊከኑ በየቦታው ተረግጦና ተሰባብሮ መሳሳት መጀመሩን በዚያን ጊዜውኑ ልብ ብሎ ነበር። በ1963 ተመልሶ ሲቈጥር 6,000 ደርሰው ነበር፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 18 ያህል መሆኑ ነው። የእያንዳንዱ አጋዘን ክብደት ከፊተኛው ቀንሷል፤ የጥጆቹም ቍጥር ከእናቶቹ ቍጥር ጋራ ሲነጻጸር አንሷል።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የ1963 እና የ1964 ክረምት በረዶው የበዛ፣ ብርዱም የከፋ ነበር። ክላይን በ1966 ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ደሴቱ ሲሄድ የጠበቀው በየሜዳው የተበተነ አጥንት ነው። በሕይወት የተገኙት 42 ብቻ ሲሆኑ ከእነርሱም 41ዱ እንስት ነበሩ። አንዱ ተባዕት ቀንዱ በሥርዓት ያልበቀለ፣ ዘር ሊያስገኝ የማይችል ነበር። አንድም ጥጃ አልታየም። ከጊዜ በኋላ የቀሩትም አልቀው ደሴቱ ባዶ ሆነ።

የንግድ ሰው ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያስተውላል። የደሴቱ መዝገብ ከፍተኛውን ቍጥር ያሳየው ኪሳራው ከመድረሱ በፊት በነበረው በጋ ነው። አጋዘኖቹ ከ1957 በኋላ የኖሩት በወለድ አልነበረም። ሊከን እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ አንድ ጊዜ ከተበላ ለመመለስ አያሌ ዓመታት የሚወስድ ነገር ነውና ዋናውን ገንዘብ ያወጡ ነበር። ከላይ የሚታየው የመንጋው ብዛት ከታች ያለውን የዕዳ ብዛት ሸፈነው።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

የመስክ መርማሪዎች የሚሠሩት ሒሳብ በመጀመሪያ ሲታይ ቀላል ነው። በሜዳው ልዩ ልዩ ክፍል አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ወይም የብረት ማዕቀፍ ይጥላሉ። በማዕቀፉ ውስጥ ያለውን ሣር አጭደው፣ አድርቀው ይመዝናሉ። ይህን በብዙ ቦታ ደጋግመው አማካዩን ካገኙ በኋላ በሜዳው ስፋት ያባዙታል።

ለአብነት ያህል አንድ ሜዳ 50 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለት 5,000 ሄክታር ስፋት አለው ይባል። በመልካም ዓመት በአንድ ሄክታር 2,000 ኪሎ ደረቅ ሣር ቢበቅል የሜዳው ጠቅላላ ምርት 10,000,000 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ እኩሌታው ሥሩ እንዲበረታና አፈሩ እንዳይታጠብ ሲባል ሳይነካ መቅረት አለበት። ከቀረውም እኩሌታ በእግር የሚረገጠው፣ ምስጥና አንበጣ የሚበላው፣ አራዊቱም የማይወዱት ይነሣለታል። በመጨረሻ ለአራዊቱ አፍ የሚተርፈው ከመቶ 30 እጅ ቢሆን 3,000,000 ኪሎ ነው።

ሣር በል እንስሳ በቀን የሚበላው ደረቅ መኖ ከገላው ክብደት ከመቶ ሁለት ተኩል እጅ ያህል ነው። 150 ኪሎ የሚመዝን አንድ ቆርኬ እንግዲህ በቀን 3 ኪሎ ከ750 ግራም፣ በዓመት ወደ 1,369 ኪሎ ይፈልጋል። 3,000,000 ለዚህ ሲካፈል ሜዳው ወደ 2,190 ቆርኬ ሊቀልብ ይችላል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ የሱቅ ጸሐፊ ሊሠራው የሚችለው ነው። ችግሩ የሚጀምረው ቀጥሎ ነው።

በየትኛው ዓመት ልክ?

በመጀመሪያ ዝናብ በየዓመቱ አንድ አይደለም። ዝናቡ ሲጐድል በዚያው ሜዳ ላይ በአንድ ሄክታር 2,000 ኪሎ መብቀሉ ቀርቶ 800 ኪሎ ቢበቅል፣ በዚሁ ሒሳብ ሜዳው የሚችለው 876 ቆርኬ ብቻ ነው። መንጋው በመልካሙ ዓመት ልክ 2,190 ደርሶ ድርቅ ቢመጣ ከ1,300 በላይ የሚሆኑት ቀለብ የላቸውም። እነዚህም ዝም ብለው አይሞቱም። ከመሞታቸው በፊት ለሥሩ የተተወውን እኩሌታ ጭምር ይበላሉ፤ የሚመጣውም ዝናብ የሚያገኘው የተራቆተ መሬት ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ድርቅ ዕዳ በሁለትና በሦስት ዓመት አይከፈልም።

ሁለተኛው ነገር የዓመቱ ድምር የወራቱን ልዩነት የሚደብቅ መሆኑ ነው። ሣር በጥቂት የዝናብ ወራት በቅሎ በቀሩት ወራት እየደረቀ ይሄዳል። ሲደርቅ ብዛቱ ባይቀንስ እንኳ ምግብነቱ ይቀንሳል። በሣሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 6 ወይም 7 እጅ በታች ሲወርድ የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ መኖውን በሚገባ ሊፈጨው አይችልም። እንስሳው ሆዱ ሞልቶ እያለ ይከሳል። ከውሃ የራቀም ሣር እንዲሁ ነው፤ በየቀኑ ሄዶ ሊጠጣ ለማይችል እንስሳ መንገድ በሌለበት አገር እንደ ተከማቸ ዕቃ ነው። ስለዚህ የሜዳውን አቅም የሚወስነው የክረምቱ ልምላሜ ሳይሆን የበጋው መጨረሻ ነው።

ሦስተኛው የመስፈሪያው ጉዳይ ነው። በአፍሪካ በብዙ ቦታ የሚሠራበት የከብት መለኪያ 250 ኪሎ የሚመዝን አንድ እንስሳ ነው። በደቡብ አፍሪካ ግን 450 ኪሎ የሚመዝን በሬ ለመለኪያነት ይወሰዳል። «ይህ መስክ 100 እንስሳ ይችላል» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት በየትኛው መለኪያ እንደ ተጻፈ ካልተጠየቀ፣ በፈረሱላ የተነገረውን ቡና በኩንታል እንደ መረከብ ያለ ስሕተት ይመጣል።

አራተኛውና ዋናው ደግሞ «ይችላል» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ትርጉም ያለው መሆኑ ነው። ማንም ሳይነካው የተተወ መንጋ የሚወለደውና የሚሞተው እስኪተካከል ድረስ ይበዛል፤ በዚያን ጊዜ መንጋው ብዙ፣ እያንዳንዱ እንስሳ ግን ከሲታ ነው፤ ሣሩም አጭር ነው። ይህ የመጨረሻው ልክ ነው። ከብት አርቢ የሚፈልገው ልክ ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም እርሱ የሚሻው የሰባ በሬና በብዛት የሚወለድ ጥጃ ነውና። ሁለቱም ቍጥሮች እውነተኞች ናቸው፤ የሚለያዩት በዓላማ ነው። ሱቁ ምን ያህል ዕቃ ሊይዝ ይችላል ማለትና ምን ያህል ዕቃ ቢይዝ ትርፍ ያመጣል ማለት አንድ እንዳልሆነ ሁሉ ይህም አንድ አይደለም።

ዝናብና አፈር

ኮ፣ ካሚንግና ፊሊፕሰን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በ1976 ባወጡት ጥናት በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ በሚገኙ አያሌ የአራዊት ሥፍራዎች የዓመቱን የዝናብ መጠን ከትላልቅ ሣር በል አራዊት ጠቅላላ ክብደት ጋራ አነጻጸሩ። ዝናቡ እስከ 700 ሚሊ ሜትር በሚደርስበት አገር ዝናብ በጨመረ ቍጥር የአራዊቱ ክብደት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚጨምር አገኙ። በዚህም ምክንያት ስለ አንድ ሥፍራ ምንም ሌላ መረጃ የሌለው ሰው የዝናብ መለኪያውን መዝገብ አይቶ የመጀመሪያ ግምት ለማውጣት ይችላል።

ይሁን እንጂ ዝናብ ብቻውን ሁሉን አይናገርም። እሳተ ገሞራ በተፋው ለም አፈር ላይ የሚበቅል ሣርና በአሸዋማ፣ ታጥቦ ባለቀ አፈር ላይ የሚበቅል ሣር አንድ ዓይነት ዝናብ ቢያገኙም የሚቀልቡት አራዊት እኩል አይደለም። ከመጠን በላይ ዝናብ በሚዘንብበት አገርም ሣሩ ቁመቱ ይረዝማል፤ አገዳው ጠንክሮ ምግብነቱ ያንሳል። ብዛት ያለ ጥራት ዋጋ እንደማያወጣ የእህል ነጋዴ ያውቀዋል።

በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሱቆች

ሌላም ሒሳቡን የሚያወሳስብ ነገር አለ። በአንድ ሜዳ ላይ የሚውሉ አራዊት ሁሉ አንድ ዓይነት መብል አይበሉም። በታንዛንያ በሚገኘው በሰረንጌቲ ሜዳ የሜዳ አህያ አስቀድሞ ይመጣና ረጅሙንና ጠንካራውን አገዳ ይበላል። ከእርሱ በኋላ ዊልደቢስት የሚባለው የቆርኬ ዘመድ መጥቶ የተገለጠውን ቅጠል ይግጣል። በመጨረሻ ትንሿ የሜዳ ፍየል መጥታ ከሥር ያለውን ለጋ ተክል ትለቅማለች። የፊተኛው ለኋለኛው መንገድ ይጠርጋል እንጂ ቀለቡን አይወስድበትም።

ነገሩ በአንድ መንገድ ላይ ጨርቅ ሻጭ፣ ብረታ ብረት ሻጭና ቅመም ሻጭ ጎን ለጎን እንደሚኖሩ ነው። ሦስት ጨርቅ ሻጮች ቢሆኑ ግን አንዱ የሌላውን ደንበኛ ይወስድ ነበር። ስለዚህ ልዩ ልዩ አራዊት የተሰማሩበት መስክ አንድ ዓይነት እንስሳ ብቻ ከተሰማራበት መስክ ይልቅ በጠቅላላው ብዙ ክብደት ሊሸከም ይችላል። ሁሉንም በአንድ መለኪያ ደምሮ መቍጠር ይህን ልዩነት ያጠፋል።

ሰረንጌቲና የ«ደስታ» በሽታ

አሁን ያለው ቍጥር መስኩ ሊችለው የሚገባው ቍጥር ነው ብሎ መደምደም ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያስረዳው ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ የዚሁ የሰረንጌቲ ታሪክ ነው። ታሪኩም መነሻው ከኢትዮጵያ አጠገብ ነው።

በ1887፣ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. ገደማ፣ የኢጣልያ ጦር ለስንቅ ካስመጣቸው ከብቶች ጋራ በኢትዮጵያ «ደስታ» ተብሎ የሚታወቀው የከብት ወረርሽኝ በምጽዋ በኩል ገባ። ወረርሽኙ የኢትዮጵያን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ክፍል ፈጀው። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ ተሳነው፤ ያ ዘመንም እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» እየተባለ ይታወሳል። በሽታው በዚህ አላቆመም። ወደ ደቡብ ወርዶ ምሥራቅ አፍሪካን አቋረጠና ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። የቤት ከብቱን ብቻ ሳይሆን ጎሽን፣ ዊልደቢስትንና ሌሎችንም ሰኰናቸው የተሰነጠቀ አራዊት ጭምር ገደለ።

በሽታው በሰረንጌቲ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከጥጆቹ መካከል እየመረጠ ሲገድል ኖረ። በርንሃርድ ግዚሜክ የተባለው ጀርመናዊና ልጁ ሚካኤል በ1958 በትንሽ አውሮፕላን እየበረሩ የሜዳውን አራዊት በቈጠሩ ጊዜ ያገኙት ዊልደቢስት 99,481 ነበር። በ1961 በተሻለ ዘዴ የተደረገው ቆጠራ ወደ 260,000 የሚጠጋ ቍጥር ሰጠ። ሁለቱ ቍጥሮች በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል መራራቃቸው በመንጋው መብዛት ብቻ የመጣ አይደለም፤ የአቈጣጠሩም ልዩነት አለበት።

በዚያን ጊዜ የነበረ ሰው «ሰረንጌቲ የሚችለው ሩብ ሚሊዮን ያህል ነው» ቢል ማንም አይቃወመውም ነበር። ነገር ግን በዙሪያው ያሉ አርብቶ አደሮች ከብቶች በክትባት ከዳኑ በኋላ በሽታው ከ1963 ጀምሮ ከዊልደቢስቱ መካከል ጠፋ። ከዚያም መንጋው እየበዛ ሄዶ በ1977 ከ1,300,000 በላይ ሆነ። መንጋውን ይዞት የነበረው የሣር ማነስ ሳይሆን በሽታ ነበር። የመስኩ እውነተኛ አቅም ከታሰበው አምስት እጥፍ ያህል ነበር ማለት ነው።

ከዚህም የሚያስደንቅ ሌላ ነገር ተከተለ። ያ ሁሉ መንጋ ሣሩን እየጋጠ ስለሚያሳጥረው በየበጋው ሜዳውን ይፈጀው የነበረው ቃጠሎ ቀነሰ። ቃጠሎው ሲቀንስ ችግኞች ከእሳት ተርፈው ማደግ ቻሉና በብዙ ቦታ ዛፍ ተመለሰ። እንግዲህ የመስኩ አቅም ቋሚ ሆኖ የተጻፈ ቍጥር አይደለም፤ በላዩ የሚውሉት አራዊት ራሳቸው ይለውጡታል።

መንጋው ከ1977 በኋላ ማደጉን አቁሞ በዚያው አካባቢ ረጋ። ምክንያቱን ለማወቅ አንቶኒ ሲንክሌር፣ ሲሞን ምዱማና ባልደረቦቻቸው የሞቱትን አራዊት የቅልጥም አጥንት እየሰበሩ መረመሩ። የጠገበ እንስሳ መቅኔ ነጭና ጠንካራ ነው፤ በረኀብ የሞተ እንስሳ መቅኔ ግን ቀይና ውሃማ ይሆናል፤ ይህንንም ሥጋ ሻጭ ሁሉ ያውቀዋል። ከሞቱት ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት በምግብ ማነስ የሞቱ ሆነው ተገኙ። አንበሳና ጅብ የሚገድሉት ከዚህ ያነሰ ነበር። በ1993 የበጋው ዝናብ በጐደለ ጊዜም መንጋው ወደ 900,000 ወረደ። ስለዚህ የሰረንጌቲን ልክ የሚወስነው በበጋ ወራት የሚጥለው ጥቂት ዝናብና በዚያ ዝናብ የሚያቈጠቍጠው ለጋ ሣር መሆኑ ተረጋገጠ። «ደስታ» ራሱ በ2011 ከመላው ዓለም መጥፋቱ በይፋ ታውጇል።

ቆጣሪው ሲሳሳት

የሣሩ ሒሳብ ትክክል ቢሆን እንኳ የአራዊቱ ቆጠራ የተሳሳተ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት ካይባብ የሚባል አምባ አለ። በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሥፍራው የአራዊት መጠበቂያ እንዲሆን ካደረጉ በኋላ አጋዘን ማደን ተከለከለ፤ አጋዘን የሚበሉትም አውሬዎች በብዛት ተገደሉ። አጋዘኖቹ በዙ፤ ከ1924 ጀምሮ በነበሩት ክረምቶችም ብዙዎቹ በረኀብ አለቁ።

ይህ ታሪክ ለብዙ ዓመታት በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ሲታተም የመንጋው ቍጥር 100,000 ደርሶ ነበር ተብሎ በአንድ መሥመር ተሥሎ ይታይ ነበር። በ1970 ግን ግሬም ኮውሊ የተባለው ሊቅ የመጀመሪያዎቹን መዛግብት ሲመረምር በ1924 የቀረቡት ግምቶች ከ30,000 እስከ 100,000 የሚለያዩ ሆነው አገኛቸው። መጻሕፍቱ ከፍተኛውን መርጠው ሌላውን ትተው ነበር። ጸሐፊዎች እየተቀባበሉ በገለበጡት ቍጥር ግምቱ ሐቅ መሰለ። የአንድ መጋዘን ዕቃ አምስት ሰው ቈጥሮት አምስት ልዩ ልዩ ቍጥር ቢጻፍ ባለቤቱ ትልቁን ይዞ ዕቃ አያዝዝም፤ እንደ ገና ያስቈጥራል እንጂ።

ስለዚህ ዛሬ የሚደረገው ቆጠራ ሜዳውን በተወሰነ ስፋት መሥመር መሥመር ከፍሎ፣ በአውሮፕላን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በናሙናው ልክ ጠቅላላውን የሚገምት ነው። መልካም ሪፖርትም አንድ ቍጥር ብቻ አይጽፍም፤ ከፍ ቢል ይህን ያህል፣ ዝቅ ቢል ይህን ያህል ብሎ የስሕተቱን ስፋት ጭምር ይገልጻል።

አጥር የታጠረበት መስክ

በኔዘርላንድ ከባሕር በተወሰደ መሬት ላይ ኦስትፋርደርስፕላሰን የሚባል ጥብቅ ሥፍራ አለ። ከ1983 ጀምሮ ጥቂት ከብቶች፣ ፈረሶችና አጋዘኖች ተራ በተራ እየተለቀቁ ተፈጥሮ ራሷ ልካቸውን እንድትወስን ተተዉ። መስኩ ግን በአጥር የተከበበ ስለ ነበረ ሣሩ ሲያልቅ የሚሄዱበት ሌላ አገር አልነበራቸውም። ቍጥራቸው ከ5,000 በላይ ደርሶ በ2017 እና በ2018 መካከል በነበረው ክረምት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አለቁ። አብዛኞቹንም በረኀብ እንዳይሠቃዩ ጠባቂዎቹ ተኵሰው ገደሏቸው። ሕዝቡ ተቈጥቶ በአጥሩ ላይ ድርቆሽ እስከ መወርወር ደረሰ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት የመንጋውን ልክ በቍጥር እንዲወሰን አድርጓል።

የሰረንጌቲ ዊልደቢስት ድርቅ ሲመጣ ዝናብ ወዳለበት ይሰደዳል፤ አቅሙም ከዚህ መሰደድ የተነሣ የተስፋፋ ነው። መንገዱ በአጥር፣ በእርሻና በሰፈር ሲዘጋ ግን የአንድ ሥፍራ አቅም የሚሆነው የዚያው ሥፍራ የከፋው ወር አቅም ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ

ይህ ሁሉ ነገር ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የስዌይን ቆርኬ የሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ እንስሳ ቀድሞ በሶማሌ ሜዳዎችና በስምጥ ሸለቆ በብዛት ይታይ ነበር። «ደስታ»ና አደን ተባብረው አመነመኑት፤ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። በኢትዮጵያም ዋና መኖሪያው በሻሸመኔ አካባቢ ያለው የሰንቀሌ መጠለያና በደቡብ የሚገኘው የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በ1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በመንግሥት ለውጥ ጊዜ፣ ጠባቂ በታጣበት ወቅት በሰንቀሌ ብዙዎቹ ተገድለው ከሺሕ በላይ የነበሩት ወደ መቶዎች ወርደው ነበር።

ሰንቀሌ ትንሽ ሥፍራ ነው። በዙሪያው እርሻና መንደር አለ። ቆርኬው እንደ ሰረንጌቲ ዊልደቢስት ዝናብ ተከትሎ የሚሄድበት መንገድ የለውም። በበጋ የጐረቤት ገበሬዎች ከብቶች ግጦሽ ፍለጋ ወደ መጠለያው ይገባሉ።

አስቀድሞ ለአብነት የቀረበው የ50 ካሬ ኪሎ ሜትር ሜዳ ሒሳብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ እያንዳንዳቸው 250 ኪሎ የሚመዝኑ 1,000 ከብቶች ዓመቱን ሙሉ ቢውሉ 2,281,000 ኪሎ ያህል ሣር ይበላሉ። ከ3,000,000 የሚተርፈው ለ525 ቆርኬ ብቻ ይበቃል፤ ይህም በመልካም ዓመት ነው። ምርቱ በሄክታር ወደ 800 ኪሎ በሚወርድበት የድርቅ ዓመት ግን የሚገኘው 1,200,000 ኪሎ ለ526 ከብቶች ብቻ የሚበቃ ነው። ከከብቶቹ እንኳ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ይራባሉ፤ ለቆርኬው የሚተርፍ አንድ ኪሎ አይኖርም።

ከብቱን ወደ መጠለያ የሚያስገባው ገበሬ ሌባ አይደለም። በሬው ማረሻው ነው፤ ላሟ የልጆቹ ወተት ናት፤ ቆዳዋም በመጨረሻ ከሌጦ ነጋዴው መጋዘን ትደርሳለች። ስለዚህ ነገሩ የአራዊት ወዳጅና የከብት ባለቤት ጠብ ተደርጎ ቢታይ መፍትሔ አያገኝም። ሁለቱም ከአንድ መዝገብ የሚከፈላቸው ባለ ገንዘቦች ናቸው፤ መዝገቡም ሊከፍል የሚችለው የተወሰነ ነው። ምን ያህል ለማን ይከፈል የሚለው ውሳኔ ሣሩ በለመለመበት ወራት፣ ሒሳቡ በወረቀት ላይ ሳለ ሊደረግ የሚገባው ነው። በበጋው መጨረሻ ለመወሰን ቢሞከር የሚወስነው ረኀቡ ነው፤ እርሱም መጀመሪያ ደካማውን፣ ቀጥሎም መሬቱን ይወስዳል።

እንግዲህ «ይህ መስክ ይህን ያህል አራዊት ይችላል» የሚል ቍጥር የሚቀርብለት ሰው፣ የአገር ጐብኚዎችን የሚያስተናግድ ነጋዴም ቢሆን፣ መሬት ለመከራየት የሚያስብም ቢሆን፣ ቍጥሩን ከመቀበሉ በፊት አራት ነገር መጠየቅ ይገባዋል። ቍጥሩ የወጣው በመልካም ዓመት ልክ ነው ወይስ በክፉ ዓመት? በየትኛው የክብደት መለኪያ ነው? አራዊቱ ሣር ሲያልቅ የሚሄዱበት መንገድ አላቸው ወይስ የላቸውም? ከእነርሱ ጋራ የሚካፈሉት ከብቶች ተቈጥረዋል ወይስ ተረስተዋል? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ የያዘ ቍጥር ትንሽም ቢሆን የሚታመን ነው። መልስ የሌለው ቍጥር ግን የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን የቅዱስ ማቴዎስ ደሴት የ1963 መዝገብ ነው።